ፈቃዱ የመድኃኒቱ ነው ወይስ የአጥሩ?

ፈቃድ የሚባል ነገር ለሁለት ጉዳይ ይሰጣል። አንደኛው ሕዝብን ከክፉ ሥራ ለመጠበቅ ነው። ሁለተኛው አንዱን አስገብቶ ሌላውን ደጅ ለማስቀረት ነው። ችግሩ ሁለቱም በአንድ ወረቀት፣ በአንድ ማኅተም መምጣታቸው ነው። ማኅተሙን ብቻ አይቶ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። እኛ ደግሞ ፈቃድ ለማውጣት ከመስኮት መስኮት ስንንከራተት የኖርን ሰዎች ነንና ነገሩ አይጠፋንም። "ለሕዝብ ደኅንነት ሲባል" የሚል ማስታወቂያ ስናነብ "የትኛው ሕዝብ?" ብለን በሆዳችን እንጠይቃለን።

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ግን ከእኛ ቀበሌ አይደለም። ከእንግሊዝ አገር ነው። ከካናቢስ ተክል በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒት ስለሚሠሩ ኩባንያዎችና ስለሚጠየቁት ፈቃድ ነው። ካናቢስ ስል ፊታችሁን እንዳታጨፈግጉብኝ። አዎን፣ ዕፀ ፋሪስ፣ ሐሺሽ፣ ጋንጃ የምንለው ያው ተክል ነው። የማወራው ግን ጥግ ይዞ ስለሚያጨሰው ጎረምሳ አይደለም። ሐኪም ጽፎት፣ በጠርሙስ ተሞልቶ፣ ከፋርማሲ ስለሚወጣው መድኃኒት ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የዚህ ተክል መድኃኒትነት የትናንት ወሬ አይደለም። ዊሊያም ኦሾውነሲ የተባለ አየርላንዳዊ ሐኪም ካልካታ ላይ ሲሠራ የሕንዶቹን አጠቃቀም አጥንቶ፣ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ለእንግሊዝ ሐኪሞች አስተዋወቀ። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ ሐኪም ካናቢስ በአልኮል ተዘፍዝፎ የወጣውን ጠብታ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያዝ ኖረ። በ1971 የወጣው የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ በ1973 ሥራ ላይ ሲውል ግን በሩ ተዘጋ። ካናቢስ አንደኛው ምድብ ውስጥ ገባ። የዚያ ምድብ ትርጉም በአጭሩ "የታወቀ የሕክምና ጥቅም የለውም" ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ሐኪም ሊያዘው ቀርቶ፣ ተመራማሪ እንኳ ላቦራቶሪው ውስጥ ሊነካው ቢፈልግ ከአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ልዩ ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ሆነበት።

በ1998 ጄፍሪ ጋይ እና ብራያን ዊትል የተባሉ ሁለት ሰዎች ጂ ደብሊው ፋርማሲዩቲካልስ የሚባል ኩባንያ አቋቋሙ። ፈቃዱንም አገኙ። ተክሉ የሚበቅልበት የመስታወት ቤት በደቡብ እንግሊዝ ነው ከመባሉ በቀር ትክክለኛ ቦታው ሚስጥር ነበር። እንዲህ ያለ ፈቃድ የሚያወጣ ሰው አጥር ማጠር፣ ካሜራ መትከል፣ የሠራተኞቹን የኋላ ታሪክ ማስመርመር፣ ያበቀለውን መመዝገብ፣ የተረፈውን ማስወገዱንም ማስረዳት አለበት። ይሁን፤ ማንም "ለምን?" አይልም።

ልብ በሉ እንግዲህ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የእንግሊዝ የሎርዶች ምክር ቤት የሳይንስ ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሮ፣ ሐኪሞች ካናቢስን እንዲያዙ ይፈቀድላቸው ብሎ ሐሳብ አቀረበ። መንግሥት እምቢ አለ። "በቅድሚያ ደኅንነቱና ፈዋሽነቱ ተረጋግጦ እንደማንኛውም መድኃኒት ይመዝገብ" አለ። ቃሉ መልካም ነው። ትርጉሙ ግን ሕመምተኛው ቁጭ ብሎ ኩባንያው ሥራውን እስኪጨርስ ይጠብቅ ማለት ነበር። ጠበቀም። ሳቲቬክስ የተባለው የአፍ ውስጥ ርጭት፣ መልቲፕል ስክሌሮሲስ በሚባለው በሽታ ጡንቻቸው ለሚገተርባቸው ሰዎች እንግሊዝ ውስጥ የተፈቀደው በ2010 ነው። ካናዳ እንኳ በ2005 ቀድማ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት! በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ በምርኩዝ ይሄድ የነበረ ሰው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ይቀመጣል።

ሲመጣስ? ዋጋው አይቀመስም። ለመንግሥት ሕክምና የትኛው መድኃኒት ዋጋው ይገባዋል የሚለውን የሚመዝነው፣ ናይስ የሚባለው ተቋም፣ በ2014 "ከሚሰጠው ጥቅም አንጻር ውድ ነው፤ አትዘዙት" አለ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ እንምጣ። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ተቆጣጣሪ ቦርድ በ2018 መጀመሪያ ላይ ባወጣው መረጃ መሠረት፣ በ2016 ለሕክምናና ለምርምር በሕጋዊ መንገድ ካናቢስ በማምረት ከዓለም አንደኛ የነበረችው አገር ማን ይመስላችኋል? ሆላንድ? ጃማይካ? አይደለም። እንግሊዝ ናት! 95 ቶን፤ ከዓለም ሕጋዊ ምርት 44.9 በመቶ። በዚያው በ2018 መጀመሪያ የዚያችው አገር የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ልጆቻቸው በሚጥል በሽታ የሚሰቃዩባቸው ወላጆች ደጁን ሲጠኑ የሚመልስላቸው ምን ነበር? "ካናቢስ የታወቀ የሕክምና ጥቅም የለውም።" ጥቅም ከሌለው 95 ቶኑ ለምን ተመረተ? ለሰላጣ ነው?

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ከተክሉ ከፊሉ ይበቅል የነበረው በኖርፎክ ክፍለ ሀገር፣ ዊሲንግተን በሚባል ቦታ፣ የብሪቲሽ ሹገር ንብረት በሆነ 18 ሄክታር የመስታወት ቤት ውስጥ ነው። ቀድሞ ቲማቲም ይበቅልበት ነበር፤ በ2016 ከጂ ደብሊው ጋር በተደረገ ስምምነት ወደማያሰክረው የካናቢስ ዝርያ ተዛወረ። በ2018 ደግሞ ጋዜጦች ሌላ ነገር አወጡ። የስኳር ኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ በዚያ ጊዜ የአደንዛዥ ዕፅ ፖሊሲን በኃላፊነት ይዘው የነበሩት ሚኒስትር ባለቤት ናቸው። ሚኒስቴሩ "ሚኒስትሯ ከካናቢስ ጉዳይ ራሳቸውን አግልለዋል" ብሏል። ሕግ ተጣሰ ያለ የለም፤ እኔም አልልም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ተክሉ በአጥሩ ውስጥ ሲሆን የተከበረ ኢንዱስትሪ፣ በእናትየው ቦርሳ ውስጥ ሲሆን ኮንትሮባንድ ነበር። የተክሉ ባሕርይ አልተለወጠም። የተለወጠው ባለቤቱ ነው።

የእናትየውን ቦርሳ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በሰኔ 2018 አንዲት የሰሜን አየርላንድ እናት ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጇ ከካናዳ ገዝታ ያመጣችው የካናቢስ ዘይት ለንደን ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተወሰደባት። ልጁ ከባድ የሚጥል በሽታ አለበት። መድኃኒቱ ሲቋረጥ በሽታው ተመልሶ መጣና ሆስፒታል ገባ። አገሩ ሁሉ ጮኸ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳጂድ ጃቪድ በቀናት ውስጥ በልዩ ሥልጣናቸው መድኃኒቱ እንዲመለስ አደረጉ። የመንግሥቱ ዋና የሕክምና አማካሪ መረጃውን እንዲመረምሩ ተጠየቁ፤ መርምረውም ለአንዳንድ በሽታዎች ጥቅም እንዳለው ማስረጃ አለ አሉ። በኅዳር 1 ቀን 2018 ሕጉ ተለወጠ። እንዴ! ለአርባ አምስት ዓመት "ጥቅም የለውም" ሲባል የኖረው በሳምንታት ውስጥ "ጥቅም አለው" ሆነ። በእነዚያ ሳምንታት አዲስ ሳይንስ አልተገኘም። የተገኘው ካሜራ ፊት የቆመች አንዲት እናት ናት።

እዚህ ላይ "እንግዲያው ፈቃድ የሚባለው ሁሉ ይቅር፤ ተክሉ የተፈጥሮ ነው፤ ማንም አብቅሎ ይሽጠው" የሚሉ ወዳጆች ይነሣሉ። ከእነሱም ጋር አልስማማም። መርዝም የተፈጥሮ ነው። ታሊዶማይድ የሚባለው ክኒን በ1950ዎቹ መጨረሻ ያለ በቂ ምርመራ ለነፍሰ ጡሮች ሲታደል፣ ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ተወልደዋል። ዛሬ ያለው የመድኃኒት ቁጥጥር የተገነባው በእነዚያ ልጆች ላይ በደረሰው ነው። ከካናቢሱም ሠፈር ምሳሌ አይጠፋም። በ2017 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በኢንተርኔት የተሸጡ 84 የሲ ቢ ዲ ምርቶችን መርምሮ፣ በላያቸው ላይ የተጻፈውን ያህል መድኃኒት የያዙት 31 በመቶ ብቻ ሆነው አግኝቷቸዋል። በ2019 ደግሞ እዚያው አሜሪካ፣ ከጥቁር ገበያ የተገዛ የካናቢስ ዘይት በኤሌክትሮኒክ ማጨሻ የሳቡ ብዙ ሰዎች ሳንባቸው ተቃጠለ። እስከ የካቲት 2020 ድረስ ከ2,800 በላይ ሰዎች ሆስፒታል ገብተው 68ቱ ሞተዋል። ዋናው ምክንያት ዘይቱን ለማወፈር የተጨመረ ነገር ነበር። ለልጇ ጠብታ የምትሰጥ እናት በጠርሙሱ ውስጥ ያለውን በትክክል ማወቅ አለባት። ይህን የሚያረጋግጥላት ፈቃድና ምርመራ ነው።

ኩባንያውንም ቢሆን የሠራውን አልክደውም። በ2017 የታተመው ሙከራቸው፣ ድራቬ የሚባል ብርቱ የሚጥል በሽታ ባለባቸው 120 ሕፃናትና ወጣቶች ላይ የተደረገ ነው። መድኃኒቱን የወሰዱት በወር የሚጥላቸው ብዛት በአማካይ ግምት ከ12.4 ወደ 5.9 ወረደ። ባዶውን ጠብታ የወሰዱት ከ14.9 ወደ 14.1 ብቻ ነው የወረደላቸው። ይሄ ወሬ አይደለም፤ ማስረጃ ነው። በሰኔ 2018 አሜሪካ ኤፒዲዮሌክስ በሚል ስም የፈቀደችው በዚህ ዓይነት ማስረጃ ነው።

ታዲያ ጸቤ ከምን ጋር ነው? ጸቤ ሁለት ፈቃዶች አንድ ላይ መታሰራቸው ነው። አንደኛውን የጥራት ፈቃድ ልበለው። በጠርሙሱ ውስጥ ምን አለ? ምን ያህል አለ? ይሠራል ወይ? ይጎዳል ወይ? ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛውን የአጥር ፈቃድ ልበለው። ማን ነካው? ስንት ሜትር አጥር አለው? የት ተቆለፈ? ብሎ ይጠይቃል። የመጀመሪያው በሽተኛውን ይጠብቃል። ሁለተኛው የመንግሥትን ስም ይጠብቃል። የሚያሰክረው ንጥረ ነገር፣ ቲ ኤች ሲ፣ በብዛት ላለበት ዝርያ አጥር ያስፈልጋል፤ እሺ። ነገር ግን የኤፒዲዮሌክስ ሲ ቢ ዲ አያሰክርም። አሜሪካ ራሷ በመስከረም 2018 ከቁጥጥሩ መዝገብ ዝቅተኛው ምድብ አስገብታው፣ በ2020 ደግሞ ከመዝገቡ ጨርሳ አውጥታዋለች። የማያሰክረውን እንደሚያሰክረው ማጠር ሌባ አይከለክልም። ተወዳዳሪ ግን ይከለክላል።

አጥሩ በረዘመ ቁጥር ውስጥ የገባው ብቻውን ይሆናል። ብቻውን የሆነ ነጋዴ ደግሞ ዋጋውን ማን ይነግረዋል? ኤፒዲዮሌክስ አሜሪካ ገበያ ሲወጣ ለአንድ ሕመምተኛ በዓመት 32,500 ዶላር ገደማ ተተመነለት። በ2021 ጃዝ ፋርማሲዩቲካልስ ጂ ደብሊውን በ7.2 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ትርፍ ነውር አይደለም። ነገር ግን ከዚያ ቢሊዮን ውስጥ ምን ያህሉ የሳይንስ ዋጋ ነው? ምን ያህሉስ መንግሥት በነፃ ያጠረለት አጥር ዋጋ ነው? ይህን ጠይቆ ሒሳብ ያወራረደ የመንግሥት ባለሥልጣን አላየሁም።

ሕጉ ከተለወጠ በኋላስ? እንግሊዝ ውስጥ ካናቢስ ማዘዝ የሚችለው ስፔሻሊስት ሐኪም ብቻ ነው። አብዛኛው ምርት ያልተመዘገበ በመሆኑ ኃላፊነቱ በሐኪሙ ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ በመንግሥት ሆስፒታል የሚያዝ ጥቂት ነው። በግል ክሊኒክ በወር ከ1,000 ፓውንድ በላይ እየከፈሉ ለልጆቻቸው የሚገዙ ቤተሰቦች ሲጮኹ ቆይተዋል። "ማስረጃ አምጡ" ይባላሉ። ማስረጃ የሚመጣው ከሙከራ ነው፤ ሙከራ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ገንዘቡ ያለው ኩባንያ የሌላውን ዘይት የሚሞክርበት ምክንያት የለውም። እናት ደግሞ ላቦራቶሪ የላትም። ክቡ ተዘጋ።

አሜሪካም ከዚህ አትሻልም። ከ1968 ጀምሮ ለምርምር ካናቢስ እንዲያበቅል በፌዴራሉ መንግሥት የተፈቀደለት የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ነበር። ተመራማሪዎች "የሚሰጠን ናሙና ሕመምተኞች የሚወስዱትን አይመስልም" እያሉ ሲያማርሩ፣ መንግሥት በ2016 ሌሎችም ያመልክቱ አለ። ለሌሎች አብቃዮች እሺ የተባለው በ2021 ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ በአንድ እርሻ ፈቃድ ሳይንስን አስሮ "ሳይንሱ ገና ነው" ማለት፣ በሬውን አስሮ "ለምን አታርስም?" እንደማለት ነው።

የእንግሊዝ ሹማምንት ሲጨንቃቸው የሚጠቅሱት የ1961ዱን ዓለም አቀፍ የአደንዛዥ ዕፅ ስምምነት ነው። "እጃችን ታስሯል" ይላሉ። ስምምነቱ ግን ገና በመግቢያው፣ እነዚህ ዕፆች ሕመምን ለማስታገስ በሕክምና ውስጥ የማይቀሩ ናቸው ይላል። መንግሥት አብቃዩን በፈቃድ ይቆጣጠር አለ እንጂ ሕመምተኛው ይቅርበት አላለም። በታኅሣሥ 2020 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽን 27 ለ25 በሆነ ድምፅ ካናቢስን እጅግ አደገኛ ከሚላቸው ዝርዝር አውጥቶታል። ሰበቡ አርጅቷል።

"ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ጉዳይ እኛን ምን አገባን?" የሚል አንባቢ አይጠፋም። ያገባናል። በአገራችን ሕግ ይህን ተክል ማብቀልም መያዝም ወንጀል ነው፤ ዛሬ ይለወጥ ብዬ አልተነሣሁም። ነገር ግን ያው የ1961 ስምምነት ሞርፊንንም ይገዛል፣ እኛም ፈርመንበታል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2017 እንዳስቀመጠው፣ በዓለም ላይ በዓመት ከሚከፋፈለው፣ በሞርፊን ሲሰላ 299 ቶን ከሚሆነው የሕመም ማስታገሻ ውስጥ ለድሃ አገሮች የደረሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። በካንሰር እያቃሰተ የሚሞተው ሰው የትም የእኛው ሰው ነው። አጥሩ ከመድኃኒቱ ሲበልጥ የሚሆነው ይሄ ነው።

ሁለተኛም አለ። አፍሪካ ወደዚህ ገበያ ገብታለች። ሌሶቶ በ2017 ለሕክምና ካናቢስ ፈቃድ በመስጠት ከአህጉሩ የመጀመሪያዋ ሆነች። ዚምባብዌ ተከተለች፤ በ2018 ባወጣችው ደንብ ለአምስት ዓመት ፈቃድ 50,000 ዶላር ጠየቀች። የሌሶቶ ተራራ ላይ ይህን ተክል ከአያት ከቅድመ አያት ሲያበቅል የኖረው ገበሬ ይህን መሰሉን ገንዘብ ከየት ያመጣል? ስለዚህ እሱ ሕገ ወጥ ሆኖ ሲቀር፣ ካፒታል ይዞ ከባሕር ማዶ የመጣው ሕጋዊ ሆነ። "ክፍያው ከፍ ያለው የዕፅ አዘዋዋሪ እንዳይገባ ነው" ይሉናል። አዬ! 50,000 ዶላር የሚያቅተው ገበሬውን ነው እንጂ አዘዋዋሪውን ነው እንዴ? የቡና አገር ሰዎች ይህን ዘፈን እናውቀዋለን። ጥሬው ከእኛ፣ ቆልቶ አሽጎ መሸጡ ከሌላ፤ ዋጋውም ከሌላ።

መውቀስ ብቻ ሥራ አይደለምና የምለውን ልበል። አንደኛ፣ የጥራት ፈቃዱ ይጥበቅ። እያንዳንዱ ምርት በገለልተኛ ላቦራቶሪ ይመርመር፤ ውጤቱም ለሐኪምና ለወላጅ ይፋ ይሁን። ሁለተኛ፣ የአጥሩ ፈቃድ ይመዘን። እያንዳንዱ ግዴታ "የትኛውን ስርቆት ትከለክላለህ?" ተብሎ ይጠየቅ፤ መልስ ከሌለው ይሰረዝ። ሦስተኛ፣ ፈቃድ የሕዝብ ውለታ ነውና ውለታው ይመለስ። መንግሥት ሌላውን ከልክሎ ለአንዱ ሲፈቅድ፣ ያ አንዱ ለሕዝብ ሆስፒታል በተመጣጣኝ ዋጋ የማቅረብ ግዴታ ይግባ። ይሄ ሕልም አይደለም። ያው ናይስ በ2019 ሳቲቬክስን የተቀበለው፣ የመጀመሪያውን የአራት ሳምንት ሙከራ ወጪ ኩባንያው ከቻለና የተሻለው ሕመምተኛ ብቻ ከቀጠለ በሚል ነው። መደራደር ይቻላል ማለት ነው፤ ያልተደራደሩት እስኪጠየቁ ስለጠበቁ ነው። አራተኛ፣ የፈቃድ ክፍያ እንደ አቅም ይሁን፤ ገበሬ በማኅበር ተደራጅቶ የሚገባበት በር ይኑር። አምስተኛ፣ ፈቃድ ማን እንደወሰደና ከማን ጋር ዝምድና እንዳለው ሕዝብ ይወቅ።

አጥርን የሚጠላ ሰው የለም፤ እኔም ግቢዬን አጥሬ ነው የምኖረው። ጥያቄው በሩ የት ነው የሚለው ነው። የሚጥለው ልጅ ያለባት እናት ልታንኳኳ የምትችለው በር የሌለው አጥር፣ በላዩ ላይ "ለሕዝብ ደኅንነት" የሚል ሰሌዳ ቢሰቀልበትም፣ የሰዎች ንብረት መጠበቂያ ነው። ሹማምንቱ ፈቃዱን ሲፈርሙ የአጥሩን ቁመት ለክተዋል። መድኃኒቱ ወደ ስንት ሕመምተኛ እንደሚደርስም ይለኩ፤ ያን ሳይለኩ የፈረሙት ፈቃድ የመድኃኒት ፈቃድ አይባልም።